የጥጥ ፂሙን አውልቁት፦ የትያትር መምህሩ ለአንባቢያን ጥያቄ ሲመልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተመካክራችሁ የጻፋችኋቸው ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ትምህርት ቤት ድራማ ናቸው። አይገርምም፤ ጥቅምት ነው፣ ክበባት የሚደራጁበት ጊዜ። አዲስ ለሆናችሁ አንባቢያን፦ እኔ ጅማ ውስጥ በአንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትያትር አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸር» ይሉኛል፤ ለዚህ ዓምድ ደብዳቤ የሚጽፉልኝም ከእነሱ ለምደውታል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ረዘም አድርጌ መልሻለሁ። የሌሎቹም ችግር ብዙው ከዚያ ስለሚነሳ ነው።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ እንደምን አሉ? የአማርኛ መምህርት ነኝ። እዚሁ ጅማ አንድ የግል ትምህርት ቤት ከተቀጠርኩ ገና መንፈቅ አልሞላኝም። ዳይሬክተራችን ጠሩኝና «አማርኛ ስለምታስተምሪ የድራማ ክበቡንም ያዢ፤ ለዘጠነኛ ክፍል ደግሞ በሳምንት አንድ ፒሪየድ ድራማ ታስተምሪያለሽ» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ስለ ተውኔት አንድ ኮርስ ወስጃለሁ። እሱም ማንበብ እንጂ መሥራት አልነበረም። አንድ ክፍል ውስጥ አርባ አምስት ልጆች አሉ። ከየት ልጀምር? የመጀመሪያው ቀን ምን ይዤ ልግባ?
(ግራ የገባት መምህርት፣ ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ወደ ሙያው በደህና መጣሽ። መጀመሪያ ምን ይዘሽ እንደማትገቢ ልንገርሽ። ስክሪፕት ይዘሽ እንዳትገቢ። ስክሪፕት ከሰጠሻቸው ልጆቹ የሚያውቁበትን ሥራ ይሠሩልሻል፤ ይሸመድዱታል። በዚህ ማንም አይችላቸውም። ባዮሎጂውን ሸምድደዋል፣ ታሪኩን ሸምድደዋል። ድራማውንም ሸምድደው ይመጡና ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው ይጮኹታል። አንዱ ጮኾ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል። አጠገቡ የቆመው ልጅ ምን እንዳለው ግን አልሰማም። የሚጠብቀው የጓደኛውን የመጨረሻ ቃል ብቻ ነው። ከዚያ ተራው ነዋ!

የትምህርት ቤት ድራማ መቼም አይተሻል። አባት ሰክሮ ይገባል። እናት ታለቅሳለች። ልጅቷ ትምህርት ታቋርጣለች። ከዚያ የሰፈር ሽማግሌ የጥጥ ፂም ለጥፎ፣ ከዘራ ይዞ፣ እያነከሰ ይመጣና ሁሉንም ይመክራል። ምክሩ መሃል ላይ ፂሙ ይወድቃል። በድራማው ውስጥ ሕዝቡ ከልቡ የሚስቀው ያኔ ብቻ ነው። ሽማግሌ ሁሉ ለምን እንደሚያነክስ እስካሁን አልገባኝም። የእኔ ጎረቤት ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከጅማው መርካቶ ወደ ቤት በእግራቸው ሲመጡ እኔ አልደርስባቸውም።

ስለዚህ ሥራሽ ከአፍ ሳይሆን ከጆሮ ይጀምራል። ልጆቹ መጀመሪያ እርስ በርስ መስማት ይልመዱ። ቃል ማጥናቱ ኋላ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ቀን ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጊ። ክፍልሽ ፎቅ ላይ ከሆነ ይሸከሙት እንጂ አይጎትቱት፤ ከታች ያለው የሒሳብ መምህር ይመጣብሻል። አርባ አምስቱን በአንድ ጊዜ አታሠሪ። ግማሹ ይሥራ፣ ግማሹ ይይ። የሚሠሩት በክብ ቆመው ዓይናቸውን ይጨፍኑ። ከአንድ እስከ ሃያ ይቁጠሩ፤ ግን ማን ቀጥሎ እንደሚቆጥር አይነገርም፣ ተራ የለም። ሁለት ልጆች እኩል ከተናገሩ ከአንድ ይጀመራል። የመጀመሪያው ቀን ሰባት ላይ ከደረሱ በጣም ጎበዞች ናቸው። ሲጀመር ይሳሳቃሉ፣ ይገፋፋሉ፤ ታገሺ። ትንሽ ቆይቶ ክፍሉ ጭጭ ይላል። አርባ ደቂቃው ሳታውቂው ያልቅብሻል።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቃል ስጫቸው። «መጣህ?» በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። አንድ ልጅ በበሩ ይገባል፤ ሌላዋ «መጣህ?» ትለዋለች። ከዚያ ሁኔታውን ቀያይሪው። አሁን እናት ናት፤ ልጇ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው የገባው። አሁን ባለሱቅ ናት፤ የገባው ሰውዬ የሦስት ወር ዱቤ አለበት። አሁን እህት ናት፤ ወንድሟ ከዓረብ አገር ሳይነግራት ነው የመጣው። ቃሉ ያው ነው። ድምፁ፣ አቋቋሙ፣ ዓይኑ ግን ሁሌም ሌላ ይሆናል። ስለ ትወና ሌክቸር አትስጪ፤ ልጆቹ ያዩታል። ሩሲያዊው ስታኒስላቭስኪ (እ.ኤ.አ. ከ1863 እስከ 1938) ተዋናዮቹን ሲያሠለጥን ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ይህንኑ ነበር፤ «በዚህ ሁኔታ ውስጥ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ስሙን ለተማሪዎቹ መንገር የለብሽም። ጥያቄውን ግን በየሳምንቱ ጠይቂያቸው።

ቀጥሎ ወደ ተረት ሂጂ። እያንዳንዱ ልጅ ከአያቱ ወይ ከእናቱ የሰማውን አንድ የእንስሳት ተረት ይዞ ይምጣ። በኦሮምኛ የሰማም ይኖራል፣ በየምኛ፣ በዳውሮኛ፣ በካፍኛ። በፈለገው ቋንቋ ይንገረው። ጅብና ጦጣ የማይኖሩበት ቋንቋ የለም። ይህን የምልሽ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የተጻፈው በእንስሳት ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ሲጽፉ በአውሬዎቹ አፍ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ብልሹነት ነካ ነካ አደረጉ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደባቸው። ልጅም እንደዚያው ነው፤ በራሱ ስም የማይደፍረውን በጅብ ስም ይናገረዋል። አንድ ዓመት ልጆቼ የዝንጀሮዎች ስብሰባ ሠሩ። ሰብሳቢው ዝንጀሮ መነጽሩን እንዴት እንደሚያወልቅ ስናይ ማን እንደሆነ ሁላችንም አወቅነው። ከሁሉም በላይ የሳቁት ዳይሬክተራችን ነበሩ።

ድርሰት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያንንም ራሳቸው ይሥሩት። መጀመሪያ ቆመው በራሳቸው ቃል ይጫወቱት፣ ሁለት ሦስቴ ይደጋግሙት፤ ከዚያ እጁ የፈጠነ ልጅ ይጻፈው። እንዲህ የተጻፈ ቃለ ተውኔት አፋቸው ላይ አይከብድም። «ወዮ! ይህች ዓለም ምንኛ ከንቱ ናት» የሚል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አይኖርሽም።

ማርክ ስጪ መባልሽ አይቀርም። ለችሎታ ማርክ አትስጪ። ችሎታ ያለውማ ምንም ሳይለፋ አሥር ከአሥር ይወስዳል፤ ዓይን አፋሩ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ይቆርጣል። ለጥናት ሰዓት መከበር፣ ለማዳመጥ፣ ከጓደኛ ጋር ለመሥራት፣ በየሳምንቱ ደብተር ላይ ለሚጻፍ አንድ አንቀጽ ስጪ። አንቀጹ ስለ ራሱ ሳይሆን ሌላ ልጅ ሲሠራ ስላየው ነገር ይሁን። በዚህኛው ዝም ብሎ ጥግ የሚቀመጠው ልጅ ብዙ ጊዜ ይበልጣቸዋል።

ደግሞ «ትያትር አልተማርኩም» ብለሽ አትሸማቀቂ። ዮፍታሔ ንጉሤም መምህር ነበሩ፤ ተውኔቶቻቸውን መድረክ ላይ ያወጡት ተማሪዎቻቸውን ይዘው ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም መጻፍ የጀመሩት አምቦ ተማሪ ሳሉ ነው። የአማርኛ ትያትር ከትምህርት ቤት ግቢ ጋር የቆየ ዝምድና አለው።

ጥያቄ፦ አምና በወላጆች በዓል ድራማ አቀረብን። ወሩ ሰኔ ነበር። ልክ ስንጀምር ዝናቡ መጣ። አዳራሻችን ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ከሦስተኛው መደዳ ኋላ የተቀመጠ ወላጅ አንድ ቃል አልሰማም። ዘንድሮ ገንዘብ አዋጥተን ለእያንዳንዱ ተዋናይ የሚሰካ ማይክ ብንገዛ ምን ይመስልዎታል?
(የድራማ ክበብ ጸሐፊ፣ 11ኛ ክፍል)

መልስ፦ አትግዙ። የጅማን ዝናብ ማይክ አያሸንፈውም። ከተማችን በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ናት፤ ሰኔ ላይ ደግሞ ሰማዩ ሥራ ላይ ነው። ማይኩ የዝናቡንም ድምፅ አብሮ ያጎላላችኋል። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል።

ቀኑን ለውጡት። የወላጆች በዓል ለምን ሰኔ ላይ ብቻ እንደሚሆን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የሰርተፍኬት መስጫ ስለሆነ ነው። ድራማው ከሰርተፍኬት ጋር የግድ መታሰር የለበትም። በታኅሣሥ ሁለተኛ አጋማሽ አድርጉት። ደረቅ ነው፣ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አልደረሰም። አንድ ችግር አለው፤ የቡና ለቀማ ጊዜ ስለሆነ ከገጠር የሚመጡ ወላጆች ሥራ ይበዛባቸዋል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጀምሩና አምስት ሰዓት ሳይሞላ ልቀቋቸው። ታኅሣሥ አይሆንም ከተባላችሁና ወደ ሁለተኛው መንፈቅ ከሄዳችሁ ረመዳን መቼ እንደሚውል ቀድማችሁ እዩ። በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ የአምናው ቀን አይሠራም። የሚጾም ልጅን ከሰዓት በኋላ እያስሮጡ ማስጠናት ግፍ ነው። አርብ ቀትር ላይም ጥናት አትያዙ፤ ግማሹ ተዋናይ ጁምዓ ነው።

ሰኔ ላይ የግድ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ይሁን። እዚህ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚበረታው። ወንበሮቹን ደግሞ አዙሯቸው። መድረኩን በአዳራሹ አንድ ጫፍ ከማድረግ ከረጅሙ ግድግዳ መሃል ላይ አድርጉና ሕዝቡን በሦስት ጎን አስቀምጡት። መጨረሻው መደዳ ላይ ያለው ሰው በግማሽ ይቀርባችኋል። ከማይክ ይሻላል፣ ወጪ የለውም።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን አስተዳደር ስለ ጫት ጎጂነት አስተማሪ የሆነ ድራማ እንድንሠራ አዘዘን። አምስት ሆነን መጻፍ ጀመርን። ነገሩ ግን አልሄደልንም። ከመካከላችን የአንዱ አባት ጫት ነጋዴ ናቸው። እሱ ዝም ብሏል። እኛም ስንጽፍ እሱን እያየን ነው። እንተወው ወይስ እንቀጥል?
(አምስት ጓደኛሞች፣ ጅማ)

መልስ፦ ይህን ደብዳቤ ስላመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። የወሩ ምርጥ ጥያቄ እሱ ነው። አትተዉት።

አሁን በእጃችሁ ያለውን ድርሰት ሳላየው ልንገራችሁ። ጥሩ ተማሪ ነበር። መጥፎ ጓደኛ ያዘ። ጫት ጀመረ። ውጤቱ ወደቀ። ከቤት ዕቃ ሰረቀ። አበደ ወይ ሞተ። ተሳሳትኩ? እንዲህ ያለውን ድራማ የጅማ ልጅ አይቶ ወጥቶ፣ በሩ ላይ ከቆመው ነጋዴ አጠገብ ያልፋል። አንድም ነገር አልተነካም። ምክንያቱም በድራማው ውስጥ ማንም ሰው ጫት የሚሸጥበት ምክንያት የለውም። ማንም የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ አይከፍልበትም። በእናንተ ክፍል ውስጥ ግን ዝም ያለው ጓደኛችሁ አለ። ድራማችሁ እሱ ነው። እሱን ሳታስፈቅዱ የእሱን ቤት አትጻፉ፤ ያ ነውር ነው። ግን ፈጥራችሁ ሌላ ቤት ሥሩ።

እንበል አንዲት ልጅ አለች። አባቷ ጫት ያመርታሉ፤ የምትማረውም በዚያው ገንዘብ ነው። የክፍሏ ልጆች ስለ ጫት ጉዳት ክርክር አዘጋጅተው «አንቺ ተናጋሪ ሁኚ» አሏት። ጎበዝ ተናጋሪ ናት። አባቷ ደግሞ በዚያ ቀን ተጋብዘዋል። እሺ ትበል? ምን ትበል? ማታ ቤት ስትገባስ?

መልሱን አትጻፉት። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል (እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 2009) ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚሆን አሠራር ትቶልናል፤ የፎረም ትያትር ይባላል። አጭር ትዕይንት ትሠራላችሁ፣ አሥር ደቂቃ ቢሆን ይበቃል። በመጥፎ ያልቃል፤ ልጅቷ አፏ ተሳስሮ ትቀራለች፣ አባት አፍረው ይወጣሉ። ከዚያ ትዕይንቱ ከመጀመሪያው ይደገማል። አሁን ግን ከተመልካች ማንም ሰው «ቁም!» ብሎ እጁን ማውጣት ይችላል። ይነሳና የልጅቷን ቦታ ይወስዳል፤ እሱ ቢሆን የሚያደርገውን በተግባር ይሞክረዋል። ሌሎቹ ተዋናዮች በያዙት ሚና ይመልሱለታል፣ ዝም ብለው አይለቁለትም። አንዱ ሞክሮ ሲያቅተው ሌላው ይነሳል። አንድ መሪ ያስፈልጋችኋል፤ መምህራችሁ ወይ ከእናንተ ረጋ ያለው ልጅ። የመሪው ሥራ መጠየቅ ብቻ ነው፤ «ይህ ይሠራል? ቤት ውስጥ ይቻላል?» እያለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ተመልካቹ አባትየውን ተክቶ «በቃ ከዛሬ ጀምሮ ጫቱን ነቅዬ ቡና እተክላለሁ» ቢል አትቀበሉ። የሚተካው ችግሩ የያዘው ሰው ነው፣ ማለትም ልጅቷ። አባትየውን በአንድ ቃል መለወጥማ ቀላል ነው፤ ያኔ ወደ ጥጥ ፂሙ ሽማግሌ ተመለስን። ቡናም ደግሞ ተክለውት በዓመቱ የሚለቀም አይደለም።

አስተዳደሩ «አስተማሪ ይሁን» ብሏችኋል። ይህን ሲያዩ ምን ይላሉ ብላችሁ አትጨነቁ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ተነስቶ ሲከራከር ያየ ርዕሰ መምህር አይቆጣም። ዝም ያለው ጓደኛችሁም በድራማው ውስጥ ምን መሥራት እንደሚፈልግ ጠይቁት። መጋረጃ መሳብ ካለ መጋረጃ ይሳብ።

ጥያቄ፦ ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት። ለድራማ ተመረጥኩ ብላ በደስታ መጣች። ሚናዋ የአንድ ነጋዴ ሚስት ነው። አባቷ ሲሰማ «ልጄ በሰው ፊት የማንም ሚስት አትሆንም» አለ። ሒጃብ ትለብሳለች፤ እሱን አውልቂ ይሏታል ብሎም ሰግቷል። እሷ ደግሞ ምግብ አልበላም ብላ ተኝታለች። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ።
(የቆጪዋ እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልጅቷ ትብላ። ባዶ ሆድ ትያትር አይሠራም፤ ይህን ቲቸር ነው ያለው ብለው ይንገሯት።

አባቷን ብዙ አይፍረዱባቸው። የማያውቁት ሰው ልጃቸውን የማያውቁት ነገር ሊያሠራ ነው። እኔም አባት ነኝ፤ ብሰጋ አይደንቅም። ስለዚህ እንዲያውቁት ይደረግ። ነገ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደው መምህሩን ያግኙት። ስክሪፕቱን ለማየት ይጠይቁ። ይህ የወላጅ መብት ነው፤ ደህና መምህር ደስ ብሎት ይሰጣል። ሒጃቧን አውልቂ ትባል እንደሆነም እዚያው ይጠይቁት። መልሱ «አትባልም» መሆን አለበት። የምትጫወተው የጅማ ነጋዴ ሚስት አይደለችም እንዴ? እስቲ መርካቶ ይሂዱና ስንት ነጋዴ ሚስት ሒጃብ እንደለበሰች ይዩ።

መነካካቱም አያስፈልግም። በእኔ ክፍል ባልና ሚስት ሆነው የሚጫወቱ ልጆች እጅ ለእጅ እንኳ አይያያዙም። ትዳሩ ግን ይታያል። ሚስት ለባሏ ቡና ቀድታ ሲኒውን ስታስቀምጥ፣ ቀስ አድርጋ ነው ወይስ ቀጭ አድርጋ? እሱስ ቀና ብሎ ያያታል ወይስ ስልኩን ይነካካል? ተመልካቹ ከዚያ በላይ አይፈልግም። መምህሩ ይህን ካላወቀ ይህን ዓምድ ያሳዩት።

የአገራችን ትያትር ሲጀመር የሴትን ሚና ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ነበር የሚጫወቱት። ለአባቷ ይህን ያጫውቷቸው፤ ይስቃሉ፣ ነገሩም ትንሽ ይላላል። ከዚያ ጥናት ላይ ይጋብዟቸው። ገብተው ጥግ ላይ ቁጭ ብለው አንድ ሰዓት ይዩ። እኔ ጋ ተቆጥተው የመጡ አባቶች ነበሩ። አንዱ ጥናቱን ሲያዩ ቆይተው «ነጋዴ እንዲህ አይደለም ብር የሚቆጥረው» ብለው ተነስተው ለልጁ አሳዩት።

ይህ ሁሉ ሆኖም ልባቸው ካልፈቀደ ሚናው ይለወጥ። ሚስቲቱ እህት ብትሆን ታሪኩ ይፈርሳል ወይ? ብዙ ጊዜ አይፈርስም። ካልሆነም ልጅቷ የአዘጋጅ ረዳት ትሁን፤ ስክሪፕት ይዛ የተረሳ ቃል የምታስታውስ፣ ማን በየት እንደሚገባ የምታውቅ። በጥናት ወቅት ከሁሉ በላይ የምትፈለገው ልጅ እሷ ናት። «አባትሽ ኋላ ቀር ነው» የሚላት መምህር ካለ ግን አልደግፈውም። ድራማው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ማታ የምትመለሰው ወደ አባቷ ቤት ነው።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት አጋሮ አካባቢ ነው። ድራማ በጣም እወዳለሁ። ግን አማርኛ ስናገር ይስቁብኛል። መምህራችን ሚና ሲያከፋፍል «አንተ ዘበኛ ሁን፣ ያስቃል» አለኝ። ልተወው ወይ?
(ከአጋሮ የመጣው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትተወው። ዘበኛነቱን ግን ተቀበልና ወደ መምህርህ ሂድ። በትህትና እንዲህ በለው፦ «ቲቸር፣ ዘበኛ መሆን እፈልጋለሁ። ግን ሰውዬው ምን ይፈልጋል? ሌሊቱን ሙሉ ምን እያሰበ ነው የሚያድረው?» መምህር ከሆነ ይህን ጥያቄ ሰምቶ ዝም አይልም። የአማርኛህ ቅላጼ አያስቅም። የሚያስቀው ሰነፍ ድርሰት ነው፤ ሳቅ ሲያጥረው ከሰው አነጋገር ይበደራል።

መምህራን ሆይ፣ ይህን እናንተም አንብቡ። የገጠር ልጅን አነጋገር ለማሳቂያ የሚጠቀም ትምህርት ቤት በዚህች ከተማ ሊኖር አይገባም። ጅማ መሃል በአንድ ታክሲ ውስጥ ስንት ቋንቋ እንደሚነገር ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ረዳቱ በኦሮምኛ ይጠራል፣ ተሳፋሪዋ በአማርኛ ትመልሳለች፣ ከኋላ ያሉት በዳውሮኛ ያወራሉ። መድረኩ ላይ ሲወጣ ግን ሁሉም የዜና አንባቢ ይሆናል። እኔ ልጆቹ ቤታቸው በሚናገሩበት መንገድ እንዲጫወቱ ነው የማደርገው። እናት ልጇን «ኮቱ» ብላ ትጠራለች፣ ልጁ በአማርኛ ይመልሳል፣ አያት «ማሎ» ብለው ይለምናሉ። ተመልካቹ አንድም ነገር አያመልጠውም።

አንተ ደግሞ አንድ ነገር ተለማመድ። ድምፅህን ሳታስጨንቅ፣ ቃሉን እስከ መጨረሻው ፊደል አውጣው። ከአጋሮ ይምጣ ከአዲስ አበባ፣ የቃሉን ጭራ የሚውጥ ተዋናይ አይሰማም። ወንዝ ዳር ወይ ሜዳ ላይ ጓደኛህን ሠላሳ እርምጃ አርቀህ አቁመውና ሳትጮኽ አንድ ነገር ንገረው። ከሰማህ ሁለት እርምጃ ይራቅ።

ጥያቄ፦ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነኝ። ወላጆች የሚጠይቁኝ የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። ድራማ ሰዓት ይበላል። ልዝጋው?
(ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ጌታዬ፣ የ12ኛ ክፍል ልጆችን ይተዉአቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚወስዱት ሆኗል፤ ጭንቀቱ በቂያቸው ነው። ተመልካች ሆነው ይምጡ። ድራማውን ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ያድርጉት፣ በሳምንት አንድ ፒሪየድ። ድራማ የፈተና ውጤት ከፍ ያደርጋል ብዬ አልሸጥልዎትም። ግን ፈተናው በወረቀት ሆኖ ሥራው በአፍ ነው። ኢንተርቪው ላይ ተጠይቆ ጣራ የሚያይ ልጅ አስመርቀው ያውቁ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። ደግሞም በየክፍሉ ትምህርት ቤት የሚመጣው ለድራማው ብቻ የሆነ አንድ ልጅ አለ። ሲዘጉት እሱን ይፈልጉት።

ጥያቄ፦ አልባሳት ከየት እናምጣ? መጋረጃስ?
(የበጀት እጥረት ያለባት የክበብ ተጠሪ)

መልስ፦ መጋረጃ ይቅርባችሁ። ተዋናዮቹ ሕዝቡ እያያቸው ገብተው ቦታቸውን ይያዙ፤ ማንም አይቆጣም። ዕቃ ካስፈለገ በርጩማ አምጡ። ጅማ ውስጥ በርጩማ የሌለበት ቤት አታገኙም። ሲያሻው ዙፋን ነው፣ ሲያሻው የታክሲ ወንበር። ለአልባሳት ከቤት ነጠላ፣ ጃኬት፣ የአባት ኮፍያ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ቅዳሜ መርካቶ ሰልባጅ ተራ ውረዱ፤ ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ የመጀመሪያ ዋጋቸውን አትቀበሉ። አንድ ነገር ብቻ፤ የገዛችሁትን ቀድማችሁ እጠቡት። አንድ ጊዜ የእኔ ንጉሥ ችሎት ላይ ተቀምጦ ፍርዱን ሳይጨርስ ማስነጠስ ጀመረ፤ ወንጀለኛው «ይማርህ» እያለ ነጻ ወጣ።